«አዎ» የማይባልበት ቤት

«ከማይታወቅ ቁጥር ተደውሎላት ‹አዎ› ያለች ሴት አለቀላት!» ትላለች አክስቴ።

ወሬውን መጀመሪያ ስታመጣው ያለቀላት ሴት የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ነበረች። በማግስቱ ለሌላ ደንበኛ ስትደግመው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ምራት ሆነች። ሳምንቱ ሳይጋመስ ሴትየዋ ወንድ ሆና፣ ጡረታ ወጥታ፣ ጢም አብቅላ አረፈችው። የማይለወጠው አካሄዱ ብቻ ነው። ስልክ ይጮኻል፤ ቁጥሩ አይታወቅም፤ አንድ ጨዋ ድምፅ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ይላል፤ የዋሁ ሰው «አዎ» ይላል፤ በቃ፣ ጉድ ፈላ። ያቺን «አዎ» ከአፉ ላይ ቆርጠው ይወስዷታል። ከዚያ በኋላ በእሷ ቤቱ ይሸጣል፣ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ለማያውቀው ሰው ዋስ ይሆናል።

«እንዴት አድርገው ነው የሚቆርጧት?» አልኳት አንድ ቀን፣ ጠመኔዬን ጆሮዬ ላይ እንደሰካሁ። «በቁመቱ ነው በአግድሙ?»

«አንቺ ቀልጂ! በዚህ አገር መቀስ የያዝሽው አንቺ ብቻ መሰልሽ።»

ቀሚስ ልታሳጥር የመጣችው ደንበኛ ሳቀች። ወዲያው ግን ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ መዘጋቱን አየች። የአክስቴ ወሬ እንዲህ ነው፤ የሚስቅበትም ሰው ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

የምንሠራበት ክፍል ጠባብ ነው። በመስታወቱ በኩል የአክስቴ የስፌት መኪና፣ ከእሷ ጀርባ የእኔ፣ ጥጉ ላይ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ መካከሉ ላይ ልብስ መለኪያ ብለን የሰቀልነው መጋረጃ። መጋረጃው ከታች ስላጠረ የሚለካ ሰው ሁሉ የካልሲው ቀዳዳ ለመንገደኛ ይታያል። በሩ ላይ «ልብስ ስፌት» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። እዚህ ቤት ልብስ አይሰፋም፤ ልብስ ከባለቤቱ ጋር ይታረቃል። የወፈረው ከሱሪው፣ የከሳችው ከቀሚሷ፣ ታናሽየው ከታላቁ እጅጌ ጋር ይታረቃሉ። አስታራቂዎቹ አክስቴ፣ እኔና ልብስ የሚተኩሰው ሰውዬ ነን። እሱን ሰፈሩ ሁሉ ካውያ ነው የሚለው። እሱ ደግሞ እኔን ምላጭ ይለኛል። ስፌት በምላጭ ስለምትፈታ ነው ይላል፤ አክስቴ ለምላሷ ነው ትላለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ቅድ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምናገረው ለጉራ ነው። ሰው የጣለውን ኮት ለቅሜ፣ በምላጭ ፈትቼ፣ ገበሩን ከጨርቁ ለይቼ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ካርቶን ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ እየዞርኩ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያውን ኮት መልሼ ስገጥመው አንድ ቁራጭ ተረፈኝ። የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ኮቱም አልጠየቀኝም። አሁን ግን መንገድ ላይ ከፊቴ የሚሄድን ሰው ጀርባ አይቼ ኮቱን የቆረጠው ሰው የት ላይ እንደሰነፈ እነግራችኋለሁ። በአክስቴ ቤት ይህን ማን ይፈልገዋል? «ወገቡን ትንሽ» ይሉኛል። «ዚፑን ቶሎ» ይሉኛል። አንዷ «ጎበዝ ነሽ፣ የቁልፉ ቀለም ራሱ ይመሳሰላል» ብላ አመሰገነችኝ። ይህን ያህል ተደንቄ አላውቅም።

ስለዚህ የቲያትር ቤቱ አልባሳት ክፍል ቆራጭ እንደሚፈልግ ስሰማ መቀሴን ጨብጬ ሄድኩ። ለተፈታኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ጨርቅና አንድ ሥዕል ሰጡን። ሥዕሉ የንጉሥ ካፖርት ነው። ንጉሡ ቲያትሩ ከማለቁ በፊት ተወግቶ ይሞታል። እኔ አሰብኩ፤ ሌሎቹ የሚሰፉት ለቆመ ንጉሥ ነው። ይህ ሰውዬ ግን ሕዝብ ፊት ይወድቃል፤ ካፖርቱ ሲወድቅም ማማር አለበት። ጋሽ ካውያን አልብሼ ወለሉ ላይ ስጥለው ሰነበትኩ።

«እድሜ ልኬን ንጉሥ ሆኜ አላውቅ» አለኝ፣ ከወለሉ ላይ አቧራውን እያራገፈ፤ «አንዴ ብሆን ልሙት?»

«በግራ በኩል ነው የምትሞተው። ቀኙ ተጨማደደብኝ።»

«እሺ ምላጭ። አሟሟቴንም አንቺው ቅደጂልኝ።»

ካፖርቱን ሳደርስ በትንሽ መስኮት አንድ ጸሐፊ ተቀበለኝ። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝና ሳያየኝ «እኛ ነን የምንደውለው። አትደውሉ፣ አትመላለሱ፣ ስልክ ክፍት ይሁን» አለኝ። እሺ አልኩ። ይህ ሥራ ካመለጠኝ ሌላ እንደዚህ ያለ በር እንደሌለ አውቃለሁ። ፋብሪካዎቹ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ የእኔ ወረቀት ካርቶን ነው። ቲያትር ቤቱ ብቻ ነው ወረቀት ትቶ እጅ የጠየቀው። እምቢ ካሉኝ ደግሞ እስክሸብት ድረስ የሰው ወገብ ሳሰፋ እኖራለሁ።

«በየትኛው ቁጥር ነው የሚደውሉልሽ?» አለች አክስቴ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

እጇን ደረቷ ላይ ጣለች። «በይ እንግዲህ! የማይታወቅ ቁጥር በይኛ!»

አክስቴ እንድሄድባት አትፈልግም፤ አልደበቀችኝም። «ሂጂ» ትለኛለች፣ «እኔ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማሳለፍ ካቃተኝ ሰነባብቷል፣ ግን ሂጂ። ጨርቅ ሳይ እንባዬ እየመጣ ያስቸግረኛል፣ ግን አንቺ ሂጂ።» ሆኖም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ወሬውን እኔን ለማስቀረት አልፈጠረችውም። አክስቴ ወሬ አትፈጥርም። እንደ ሱሪ ወገብ ታሰፋዋለች እንጂ።

ስልኩ መጮህ የጀመረው ብዙም ሳይቆይ ነው።

የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ ሳይጠራ ነው ያነሳሁት። የማላውቀው ቁጥር ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በዕድሜዬ አውጥቼው የማላውቅ ለስላሳ ድምፅ አወጣሁ፤ ጋሽ ካውያ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ዞሮ አየ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ማን ልበል?»

ዝም።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

ዝም። ከዝምታው ኋላ አንድ ነገር ከሩቅ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ ተዘጋ።

በማግስቱ ሌላ ቁጥር ደወለ። እሱም ዝም። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ራሴ መልሼ ስደውል የተቀዳች ሴት «ይህ መስመር ጥሪ አይቀበልም» ትለኛለች። እንዴት ያለ ኩራት ነው! ይደውላል፣ አይናገርም፣ አይደወልለትም።

ጨዋነቴ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። በመጀመሪያ «ይቅርታ፣ ድምፅዎ አይሰማኝም» እል ነበር። ቀጥሎ «ወንድሜ፣ አፍ ከሌለህ ስልክ ምን ያደርግልሃል?» ማለት ጀመርኩ። ከዚያማ ለየለት። «አንተ የትንፋሽ ነጋዴ፣ ዛሬም ባዶህን መጣህ?» «በል እንደ ልማድህ ዝም በል፣ እኔ ዘምዘማዬን ልጨርስ።» «ፊትህን ባየው አላዝንም፣ አለባበስህ ግን ከአሁኑ ታየኝ፤ ኮሌታህ የተገለበጠ፣ ሱሪህ የወንድምህ።» አንዳንዴ አክስቴና ደንበኞቿ ሥራ አቁመው ያዳምጡኛል። አንዲት ሴት የልጇን ቀሚስ ከለካች በኋላ «እስኪ ስልኩ እስኪደወል ትንሽ ልቀመጥ» ብላ ወንበር ሳበች።

ዘግቼ ልገላገለው አልችልም። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ ቲያትር ቤቱ ሊሆን ይችላላ! ስለዚህ በጠራ ቁጥር ልቤ ዘሎ ጉሮሮዬ ላይ ይቀመጣል። «ጤና ይስጥልኝ» እላለሁ፤ ዝም ይባላል፤ ልቤ ተመልሶ ይወርዳል፤ ምላሴ ቦታውን ይረከባል።

«አፍቃሪ ነው» አለ ጋሽ ካውያ፣ የሱሪ መስመር እያወጣ። «ድምፅሽን ብቻ ሰምቶ ውሎ የሚያድር።»

«አፍቃሪማ ይናገራል ጋሼ። አልፎም ይዋሻል።»

«ዓይን አፋር ሊሆን ይችላል።»

«ስልክ ላይ የምን ዓይን አለ?»

«ተዉ እናንተ!» አለች አክስቴ። «ድምፅዋን እየቀዱት ነው። ሲበቃቸው ታያላችሁ።»

«እንግዲያው ስድብ በስድብ ሆነዋል» አልኩ። «በእኔ ድምፅ ቤት ሊሸጡ ከሄዱ ገዢው ነው የሚያሳዝነኝ።»

እስከዚህ ድረስ የምሳለቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ወፍራም የሶፋ ልብስ እየሰፋች ስልኩ ጠራ። አነሳሁ። እንደ ወትሮው ዝም። ያን ዕለት ግን ከኋላ ያለው መንቀጫቀጭ ቀረብ ብሎ ተሰማኝ። ጆሮዬን አጥብቄ ደቀንኩ። የስፌት መኪና ነው! በእግር የሚረገጥ፣ አሮጌ፣ ቀበቶው እየሸሸ አልፎ አልፎ አንድ እርምጃ የሚስት። ሦስቴ ይረግጣል፣ አንዴ ያነክሳል።

ዓይኔን ወደ አክስቴ መኪና መለስኩ። ሦስቴ ይረግጣል፣ አንዴ ያነክሳል።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እኔ ወሬ አላምንም፤ ጆሮዬን ግን አምናለሁ። መንገድ ላይ ሆኜ የየትኛው ልብስ ሰፊ መኪና ዘይት እንደጠማው እናገራለሁ። የአክስቴን መኪና ደግሞ ያደግሁት እሷን እየሰማሁ ነው።

«አክስቴ፣ እግርሽን አንሺ!»

«ምን ሆንሽ?»

«አንሺ ብዬሻለሁ፣ አቁሚ!»

አቆመች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስልኩ ውስጥ ግን መኪናዋ መሄዷን ቀጠለች። ታክ ታክ ታክ፣ እንክስ። ታክ ታክ ታክ፣ እንክስ። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ መካከላችን ያዝኩት። አክስቴ ሰማች። ጋሽ ካውያም ሰማ፤ እጁ ላይ የያዘው ካውያ በሰው ሱሪ ላይ መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ሰማ።

«የእኔ መኪና ናት» አለች አክስቴ በሹክሹክታ። «የእኔዋ ናት እኮ! እኔ ቁጭ ብያለሁ፣ እሷ እዚያ ትሠራለች!»

ስልኩ ተዘጋ። ሱሪው መጨስ ጀመረ።

«አላልኳችሁም?» አለች አክስቴ። እንዲህ ፈርታ እንዲህ ደስ ያላት ሰው አይቼ አላውቅም። «ቀድተውናል። ቤቱን በሙሉ ቀድተውታል። የቀራቸው አንድ ‹አዎ› ነው።»

ብስቅባት ደስ ባለኝ። ጆሮዬ ግን ከእሷ ወገን ቆሞ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስልክ ላይ «አዎ» ማለት ቀረ። አክስቴ ሕጉን ያወጣችው እዚያው ሱሪው እየጨሰ ነው። «እንዴታ» ይቻላል። «ምን ጥያቄ አለው» ይቻላል። «ታዲያስ» ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

«ወደ ውስጥ የሚሳበውስ?» አለ ጋሽ ካውያ፣ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ በአፍ ሳይሆን በሳምባ «አዎ» የሚባለውን እያሳየ።

አክስቴ አሰበችበት። «እሱም አይቻልም።»

«እትዬ፣ ትንፋሽ ሰርቀው ምን ያደርጉበታል?»

«እኔ ሌባ ነኝ የምትጠይቀኝ?»

ንግዳችን በዚህ መካከል የገጠመው ነገር ራሱን የቻለ ቲያትር ነበር። ደንበኛ በአክስቴ ስልክ ይደውላል፤ ታነሳለች።

«ቀሚሴ ደርሷል?»

«የቸኮልንበት ነገር ነበር።»

«እኮ ደርሷል?»

«ሰው መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ አይተው ያውቃሉ?»

«እትዬ፣ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

«ቢመጡ አይቆጩም።»

ሴትየዋ መጣች፣ ቀሚሷን ወሰደች፣ በሩ ላይ ቆማ «ልብስ ስፌት» የሚለውን ጽሑፍ ቀና ብላ አነበበች። «እኔ እኮ የጠንቋይ ቤት መሰለኝ» ብላን ሄደች። ተናድጄ መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ቃል «አዎ» ስለነበረ መልሼ ዋጥኩት። ልምዱ ከስልክ አልፎ ወደ ኑሮዬ ገብቶ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ላይ እንዳለን ነው እውነተኛው ስልክ የጠራው።

ማለዳ ነበር። ጋሽ ካውያ ገና ካውያውን እያሞቀ፣ አክስቴ መኪናዋን ዘይት እያጠጣች። የማይታወቅ ቁጥር። አነሳሁ፤ ዝም አልኩ። ዝም የማለት ተራው የእኔ ነው ብዬ።

«ሃሎ፣ ይሰማል?» አለ አንድ ጨዋ ድምፅ።

በትክክል እንደ ወሬው። ቃሉም፣ ጨዋነቱም። አክስቴ ከአጠገቤ ሆና ስለሰማችው የዘይት ዕቃውን ለቀቀችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ ተከለች።

«ድምፅ ያለው ሰው ይሰማል» አልኩ።

«ከቲያትር ቤቱ ነው የምደውለው። የንጉሡን ካፖርት የሰፉት እርስዎ ነዎት?»

አክስቴ ጭንቅላቷን በኃይል ነቀነቀችብኝ። ሌቦቹ ቲያትር ቤቱንም ያውቃሉ! ከቀዱን ቢያውቁ ምን ይገርማል? በዚህ ቤት ስለ ካፖርቱ ያላወራሁበት ቀን አለ እንዴ?

«ካፖርቱን ያየ ሰው ያውቀዋል» አልኩት።

«ማለት… እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

«ሌላ ሰው እንደዚያ ይቆርጣል ብለው ያስባሉ?»

ሰውየው ቀጠለ። «ጥሩ። ሥራውን ይፈልጉታል?»

ይህን ጥያቄ በሕልሜ ስንቴ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በሕልሜ የምመልሰው ደግሞ በአንዲት ቃል ነበር።

«የማይፈልግ ማን አለ?» አልኩ።

«እሱን አላውቅም። የምጠይቀው እርስዎን ነው። ሰኞ መጀመር ይችላሉ?»

«መቻልስ እንዴት አቅቶኝ!»

«ይቅርታ፣ እኔ የታዘዝኩት ቁርጥ ያለ መልስ እንዳመጣ ነው። አለቃችን ጉዳዩ አሰልችቷታል። እባክዎ አዎ ወይም አይ ይበሉኝ።»

«ሰማሽ!» አለች አክስቴ በሹክሹክታ፣ ክንዴን ቆንጥጣ። «ራሱ ጠየቀሽ! ‹አዎ›ን በስሟ ጠርቶ ጠየቀሽ!»

እምላለሁ፣ እዚህም ላይ ቢሆን ልለው ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። አክስቴን ገፋ አድርጌ፣ ስልኩን አጥብቄ ይዤ፣ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ያኔ ነው የሰማሁት። ከሰውየው ኋላ፣ ቀረብ ብሎ፣ ታክ ታክ ታክ፣ እንክስ። የአክስቴ መኪና ግን ፊቴ ቆማ በዘይት ትዋኛለች።

«ከኋላህ የሚሰማው ምንድን ነው?» አልኩት። «እርስዎ»ው እንዴት እንደወደቀ አላውቅም።

«ከኋላዬ? የልብስ መኪና ነዋ። የምደውለው ከአልባሳት ክፍሉ ነው።»

«ጎበዝ! ዝግጅትህ ደስ ይላል። መኪናዋን ከየት አመጣችኋት?»

«እህቴ፣ እኔ የማውቀው…»

«እህት የለህም አንተ። እህት ያለው ሰው ይሄን ሥራ አይሠራም። ስማኝ፣ ዝም እያልክ የቀዳኸኝ ይበቃሃል። ስድብ ከሆነ በነጻ ሰጥቼሃለሁ፣ ሂድና በእሱ ቤት ሽጥ። ያቺን ቃል ግን ከእኔ አፍ አታገኛትም!»

ከኋላው መኪናዋ ሦስቴ ረግጣ አንዴ አነከሰች።

«እንግዲህ» አለ ሰውየው በደከመው ድምፅ፣ «እምቢ አለች ብዬ ልንገራቸው?»

«የፈለግከውን ንገራቸው!» ብዬ ዘጋሁት።

ጋሽ ካውያ አጨበጨበ። አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝ። «የእህቴ ልጅ! ሌላ ሰው ቢሆን አልቆለት ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ጀግና ሆኜ ዋልኩ። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ አክስቴ ታሪኩን ነገረች፤ አመሻሹ ላይ ሌቦቹ በርክተው፣ እኔ ስልኩን ይዤ መንገድ ለመንገድ አባርሬያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ጸጥ አለ። ዝም የሚለውም፣ የሚናገረውም፣ ማንም አልደወለም።

«አየሽ፣ ተስፋ ቆረጡ» አለች አክስቴ።

እኔ ግን መጠበቄን አላቆምኩም፤ ቲያትር ቤቱ ይደውላል ብዬ። መጀመሪያ በእርጋታ ጠበቅሁ። ከዚያ ስልኩን ልብስ ላይ እያስቀመጥኩ፣ መቀስ ስር እየከተትኩ፣ በሰው ኪስ ውስጥ ሰፍቼው ልሰጥ እስክደርስ ጠበቅሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ደግሞ ያ የደከመው ድምፅ ይመላለሳል። «እምቢ አለች ብዬ ልንገራቸው?» ሌባ ይህን ለማን ነው የሚነግረው? ሌባ አለቃ አለው እሺ። አለቃው ግን «ሰኞ ትጀምር» ይላል?

አትመላለሱ የተባለውን ጥሼ ሄድኩ። መስኮቱን አንኳኳሁ። ጸሐፊው አሁንም ሳያየኝ «የቆራጭ ሥራ ተይዟል» አለኝ።

«ማን ያዘው?»

«ሁለተኛ የወጣ ሰው።»

«አንደኛዋስ?»

«እሷማ እምቢ አለች» አለ፤ አሁን ድምፁን አወቅሁት። «እምቢም ብቻ አይደል። ኧረ ተዪው። ኪነ ጥበብ ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው አለ መሰለሽ።»

እኔ ነኝ አላልኩትም። «ጤና ይስጥልኝ» ብዬው ወጣሁ፤ ያንኑ ለስላሳ ድምፅ አውጥቼ፣ እንዳያውቀኝ። በኋላ ስልኩን ለአክስቴ አስረከብኳት። ለእኔ የሚደውል ስለሌለ የቤቱ ሁለተኛ ስልክ ሆነ። እሷን ምንም አላልኳትም፤ ብላትም ወሬውን አስፍታ ለደንበኛ ታቀርበው ነበር፣ ደግሞ ያን ቀን «አዎ» አትበይ ብሎ ያነቀኝ ሰው የለም። ጆሮዬ ነው የመሰከረው። ጆሮ ደግሞ የራሴ ነው።

ወራት አለፉ። ወገብ አሰፋሁ። ዚፕ ቀየርኩ። ቲያትሩ ተከፈተ አሉ፤ ንጉሡ ይሞታል አሉ፤ እንዴት እንደሚወድቅ ለማየት አልሄድኩም።

አንድ ቀን አንዲት ጨዋታ የምትወድ ሴት ቀሚሷን ልታስረዝም መጣች። ልብስ መለኪያው ጋ ጠረጴዛ ላይ አቆምናትና እኔ ተንበርክኬ፣ ስፒሎቼን በከንፈሬ ነክሼ፣ ጫፉን አስተካክልላት ጀመር። የቲያትር ቤቱ ትኬት ቆራጭ ናት። ይህን ስትል ቀና አላልኩም። ስልኩ ጠራ፤ አክስቴ ቁጥሩን አየችና ሳታነሳ አዞረችው።

«አይነሳም እንዴ?» አለች ትኬት ቆራጯ።

«የማይታወቅ ቁጥር ነው የኔ ልጅ» አለች አክስቴ። «አንዲት የሐኪም ሚስት…»

«ኧረ ስልክ ካነሳችሁማ የእኛን ልንገራችሁ!» ብላ ሳቀች ሴትየዋ፣ የአክስቴን ወሬ በእንጭጩ ቀጭታ። «የአልባሳት ክፍል ኃላፊያችን አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናት። እድሜዋን ሙሉ ከአንዲት የምታነክስ አሮጌ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ ጆሮዋ ሄዷል። ግን አታምንም! ደፍሮ የሚነግራትም የለም፣ ትውጠናለች። ታዲያ ቆራጭ ስትመርጥ የአንዷን ልጅ ካፖርት ወደደች። ገልብጣ አየችው፣ ወለል ላይ ጥላ አየችው፣ አቅፋው ልታድር ምንም አልቀራት። ‹እንዲህ ላለ እጅ ጸሐፊ አይደውልም፣ እኔ ራሴ ነኝ የምደውለው› ብላ ስልኩን ያዘችው።»

«እሺ?» አለች አክስቴ። መርፌዋ ጨርቁ ላይ ቆሟል።

«ትደውላለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትደቅናለች፣ ልጅቷ ታነሳለች፣ እሷ አትሰማም! ገና እየጠራ መስሏት ቆማ ትጠብቃለች። ልጅቷ ‹ሃሎ፣ ሃሎ› ትላለች፣ ከዚያ ስድቡን ታወርደዋለች። ስድብ ብላችሁ! ክፍሉ ሙሉ ይሰማል፣ እኛ ከመጋረጃ ኋላ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን፣ ሴትዮዋ ብቻ ‹አታነሳም ይህቺ ልጅ› ብላ ትዘጋለች። ነገ ደግሞ ትደውላለች። የእኛ ቤት ስልክ ባገኘው መስመር ነው የሚወጣው፣ ቁጥሩ በየቀኑ ልዩ ነው፤ ልጅቷ ምን እንደመሰላት እንጃ። በመጨረሻ ሰለቻትና ለጸሐፊው ሰጠችው፤ ያኔ ደግሞ ልጅቷ አልፈልግም አለች።»

ጋሽ ካውያ ካውያውን አነሳ። አክስቴ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ቀሚሱ ጫፍ አየሁ። አፌ ስፒል ሞልቶ ነበር።

አክስቴ እንደ መጽናኛ የሚሆን ነገር ፈለገች መሰለኝ። «መቼም ፈተና ነው፤ ከእሷ ሌላ ለስንት ሰው ነው እንዲያ ስትደውል የከረመችው» አለች ቀስ ብላ።

«ለሌላ ሰው?» አለች ትኬት ቆራጯ፣ መስታወቱ ውስጥ የቀሚሷን ቁመት እያየች። «ለሌላ ለማንም አልደወለችም። የሌሎቹን ካፖርት እኮ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የመለሰችው። የያዘችው ቁጥር የዚያች ልጅ ብቻ ነበር።»